ዘይት የወረደበት ረግረግ

ትናንት የሠፈራችን ወጣቶች አቧራ እንዳይነሳ ብለው በደጄ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ሲያፈሱ ሽታው አፍንጫዬን መታው። እንቁራሪት ውሃ የምትጠጣው በቆዳዋ መሆኑን ያስተማረኝ መምህር የለም፤ ብቻዬን አንብቤ የደረስኩበት ነው። እንዲህ ያለ ዘይት በእንቁራሪት ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ግን ገና በዘጠኝ ዓመቴ በዓይኔ አይቻለሁ።

በደርግ ጊዜ አንድ ባለሥልጣን በመንደራችን በወለቃ በኩል ያልፋል ተባለና ማኪናው አቧራ እንዳይነካው መንገዱን በዚሁ ዘይት አራሱት። ወዲያው ዝናብ ጣለና ዘይቱን ከመንገዱ በታች ወዳለው ረግረግ አወረደው። በማግስቱ ከአባቴ ጋር ያለችንን አንዲት በቅሎ ልናጠጣ ስንወርድ እንቁራሪቶቹን ተገልብጠው፣ ተንሳፍፈው አገኘናቸው። ያልሞቱትም እግራቸውን መሳብ አቅቷቸዋል።

«ውሃውን መርዛችሁታል!» ብዬ ዘይቱን አስፈስሶ መንገዱ ዳር በቆመው የሥራ ኃላፊ ላይ ጮህኩ።

«ምነው፣ የእንቁራሪት ሊቀ መንበር ሆንህ?» ብሎ ሳቀና ወደ አባቴ ዞረ። «አያ፣ ልጅህ የአብዮቱን ሥራ መርዝ ይላል። አንተስ?»

«ልጅ ነው፣ ጌታዬ።»

«ጓድ በለኝ። በቅሎዋንም አጠጣት!»

«ጠጥታ ነው የመጣች።»

«ከትናንት ጀምሮ አልጠጣችም!» አልኩ፣ እውነት በመናገሬ እየኮራሁ።

አባቴ ልጓሙን ለእኔ አስያዘኝና ጎንበስ አለ። የሞቱትን በእጁ ገፋ አድርጎ ከውሃው ጠጣ። «ሸጋ ነው፣ ጓድ» አለ።

ኃላፊው ረክቶ ሄደ። አባቴን ሦስት ቀን ሲያስመልሰው በቅሎዋ ደጅ ላይ ገብሷን ትበላ ነበር።

ትናንት ወጣቶቹን ተዉ ብላቸው «ሽማግሌ፣ ምን አገባህ?» አሉኝ። ከዘይታቸው በጣሳ ቀድቼ «እስቲ ጠጡት» አልኳቸው። ጣሳውን ዘርግቼ ብዙ ቆምኩ። የሚጠጣ አንድ ጀግና ጠፋ።