በቅሎዋን ይዞ የወረደው እጮኛ

ነገሩ የሆነው ካቻምና፣ በፋሲካ ሳምንት ነው። ከዚያ ወዲህ ሚያዝያ ላይ ሰማዩ በጠቆረ ቁጥር ያ ሰውዬ ትዝ ይለኛል። ትዝታው አያስፈራኝም፤ ያንገሸግሸኛል እንጂ።

እኔ ላሊበላ ውስጥ መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው። አባታችን ቄስ ናቸው። ታናሽ እህቴ ቅድስት አዲስ አበባ ስትማር ዳግም ከሚባል ሰው ጋር ተዋወቀች፤ ቀለበት አሰሩ፤ ሠርጉም ለግንቦት ተቆርጦ ነበር።

ዳግም በዓሉን ከእኛ ጋር ሊያሳልፍ መጥቶ ሆቴል ያዘ። ገና ሻንጣውን ሳያወርድ ስለ ተራራ ማውራት ጀመረ። ያልወጣው ተራራ የለም። አቀበት እንዴት እንደሚተነፈስ፣ ቁልቁለት እንዴት እንደሚረገጥ፣ እዚያው ተራራ ሥር ተወልደን ላደግነው ለእኛ አስተማረን። እንግዳ ነውና ዝም ብለን ሰማነው።

ከአሸተን ማርያም ገዳም በላይ ያለውን አምባ ካላየሁ አለ። አባባ ቅድስትን ብቻዋን መልቀቅ ስላልፈለጉ እኔም አብሬ እንድሄድ ተደረገ። በልግ ስለሆነ ጠዋቱን እንጂ ከሰዓቱን አትመኑት፣ ማልዳችሁ ወጥታችሁ ቀትር ሳይሆን ውረዱ አሉን። ዳግም ስልኩን አውጥቶ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ነው ይላል ብሎ አሳያቸው። አባባ መነጽራቸውን ስላልያዙ አላነበቡትም።

በማግስቱ ፀሐይ ወጥታ እስክትሞቅ ሆቴሉ በር ላይ ገተረን። እንቅልፍ ጥሎት ነው። ሲወጣ ውኃም ነፋስም አያሳልፍም ያለውን ጃኬት ለብሷል። ቅድስት ስስ ሹራብና ነጠላ ነበር የለበሰችው። እሱ ተራራ ላይ እንዴት እንደሚለበስ መንገዱን ሙሉ ሲወቅሳት፣ አንድ ትርፍ ልብስ ልያዝላት ብሎ ግን አላሰበም።

ጎረቤታችን አያ ሞላ ከበቅሏቸው ጋር አብረውን ወጡ። በቅሎዋ ምሳችንን ይዛለች፤ የደከመው ሰውም እንዲቀመጥባት ታስቦ ነው።

አምባው ላይ ገብሱ ለምልሟል፤ ሰማዩም ጥርት ያለ ነበር። ዳግም ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሞ እኔና ቅድስት እየተቀባበልን ፎቶ አነሳነው። ከፊት፣ ከጎን፣ ክንዱን ዘርግቶ። በአቡነ ዮሴፍ ተራራ በኩል ደመናው ሲከብድ አያ ሞላ እንውረድ አሉ። ዳግም ሰማዩን ትቶ ስልኩን አየ። ትንሽ እንቆይ አለ።

ቁልቁለቱን ስንጀምር ነጎድጓዱ ራሳችን ላይ ነበር። ባቄላ የሚያህል በረዶ ወረደብን፤ መንገዱ ባንዴ ነጭ ሆነ። ቅድስት አለት ላይ አንሸራተታትና ወደቀች። ቁርጭምጭሚቷ ወዲያው አበጠ።

አያ ሞላ ዕቃውን አራግፈው፣ በቅሎዋን አስጠግተው፣ እህቴን ሊያነሷት ጎንበስ አሉ። ይሄኔ ዳግም ደረቴ ብርድ አይችልም፣ ቀድሜ ወርጄ ሰው ልላክላችሁ አለና እግሩን እርካቡ ላይ አደረገ። የሚቀልድ መስሎኝ ነበር።

«ዳግም፣ መቆም እኮ አልችልም» አለችው ቅድስት መሬት ላይ እንደተቀመጠች።

«እኮ፣ ለዚህ ነው እርዳታ የማመጣልሽ» አላት። ሲናገር እንኳ አላያትም፤ ዓይኑ ቁልቁል ነበር። ጃኬቱንም አላወለቀላትም።

አያ ሞላ ልጓሙን ይዘው፣ በቅሎዋ ለተጎዳ ሰው ናት አሉት። ልጓሙን ከእጃቸው መንጭቆ ሄደ።

አያ ሞላ ጋቢያቸውን አውልቀው እህቴን ሸፈኗትና አዘሏት። በበረዶው ውስጥ እየተደናበርን አንድ ገበሬ ቤት ደረስን። የቤቱ እመቤት ማን ናችሁ፣ ከየት ናችሁ ሳትል የቅድስትን እርጥብ ልብስ አወለቀች፤ ደረቅ ብርድ ልብስ አልብሳ እሳት ዳር አስቀመጠቻት፤ እግሯን እያሸች አጥሚት ታጠጣት ጀመር። የእህቴ ከንፈር ጠቁሮ፣ ንግግሯ እየተኮላተፈ ነበር። ብርድ ሰውን እንዴት እንደሚገድል በሙያዬ አውቃለሁና ለአባባ ምን ይዤ ልገባ ነው እያልኩ አለቀስኩ።

ሙቀት ሲሰማት መጀመሪያ የጠየቀችው ዳግም ልላክ ያለው ሰው መጥቶ እንደሆነ ነው። ውጭ ኮሽ ባለ ቁጥር ቀና ትላለች። ማንም አልመጣም።

በረዶው ሲያባራ ገበሬውና አያ ሞላ ቃሬዛ ሠርተው፣ የሰፈሩ ሰዎች እየተፈራረቁ ተሸክመው ከተማ አወረዷት። መንገዳችን በሆቴሉ በኩል ነው። በቅሎዋ እስከ ኮርቻዋ እንደበሰበሰች በሩ ላይ ታስራለች። ሣር እንኳ የሰጣት የለም።

ዳግም ምግብ ቤቱ ውስጥ ነበር። ታጥቦ፣ ልብስ ቀይሮ፣ ሾርባ ይዞ፣ ስለ ማዕበሉ ለሌሎች እንግዶች ይተርካል። ሲያየን ብድግ ብሎ ልመጣ ስል እኮ ነው አለ። ለማን ነገርክ ብዬ ጠየቅሁት። አስተናጋጇን ስጠይቃት፣ ሙቅ ውኃ እንዲለቀቅለት ብቻ ነው የጠየቀን አለችኝ። ለአባባ እንኳ አልደወለም። ምን ብሎ ይደውል?

እኔ የልቤን ልነግረው ስል ቅድስት ከቃሬዛው ላይ እጄን ያዘችኝ። «ወደ ቤት ውሰዱኝ» አለች።

እግሯ ሳይድን ሽማግሌ ላከብን። ሽማግሌዎቹ ተራራ ነው፣ አየሩ ነው፣ ድንጋጤ ሰውን ከልቡ ያወጣዋል እያሉ ለመኑ። አባባ ራሷ ትመልስ ብለው አስጠሯት። ቅድስት እያነከሰች ገብታ እጅ ነሣችና፦

«አባቶቼ፣ በረዶው አራታችንንም ነው የመታን። በቅሎ ይዞ የሄደው ግን እሱ ብቻ ነው» አለቻቸው።

ሽማግሌዎቹ መርቀዋት ተነሡ። ቀለበቱንም በእነሱው እጅ መለሰች።

ባለፈው ጾም አባባ ቂም ይዤ እንዳልቆርብ መከሩኝ። ቂም የለኝም አልኳቸው፤ እውነቴን ነው። ቂም የሚያዘው ክብደት ባለው ሰው ላይ ነው። ዳግምን አሁን ከናቅሁት በላይ ልንቀው አልችልም። ይህም ኃጢአት ከሆነ አንድ ቀን እናዘዘው ይሆናል።

ለጊዜው ግን ያንን በረዶ አመሰግናለሁ። ሰማዩ እንደጠራ ውሎ ቢሆን ኖሮ እህቴ በግንቦት አግብታው ነበር።