የአክስቴ ቀኝ ክንድ

ቅዳሜ፣ ኅዳር ማለቂያ ላይ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ። ሆሳዕና። እናቴ የኮሮና ክትባት ለመውሰድ ተራ ከምትጠብቅበት አግዳሚ ወንበር ተነስታ ወጣች።

ምክንያቱን የሰማሁት በሩ ላይ ደርሼባት ነው። አጠገቧ ተቀምጠው የነበሩት ሴትዮ በጸሎት ቡድን የምታውቃቸው ናቸው። ዶዮገና የምትኖረው ታናሽ እህቷ፣ አክስቴ፣ ረቡዕ ዕለት ተከትባ ክንዷ ደርቆ መቅረቱን ነገሯት።

"ማን አየ?" አልኳት።

"ሰው ሁሉ እየጸለየላት ነው። አንተ ማን አየ ትለኛለህ።"

አክስቴ ጋ ደወልኩ። ስልኳ ዝግ ነው።

እናቴ ስኳር አለባት። የሚከታተላት ሐኪም ኮሮና ከያዛት ከሌላው ሰው ይልቅ ሊጠናባት እንደሚችል እኔ ባለሁበት ነግሯታል። እዚያ አግዳሚ ላይ እስክትቀመጥ ሦስት ሳምንት ለምኛታለሁ። ዘመቻው ደግሞ በእኛ ሰፈር የሚያበቃው በዚያው ቀን ነበር፤ ሰኞ ባለሙያዎቹ ወደ ገጠር ቀበሌዎች ይወጣሉ።

"ሲስተር፣ እስከ ስንት ሰዓት አላችሁ?" ብዬ ነርሷን ጠየቅኳት።

"የመጨረሻዋን ጠርሙስ አራት ሰዓት ላይ እከፍታለሁ። ከተከፈተች ዕድሜዋ ስድስት ሰዓት ነው። አሥር ሰዓት ላይ የተረፈው ይወገዳል። ለአንድ ሰው ብዬ ሌላ አልከፍትም።"

እናቴ ትሰማ ነበር። ነጠላዋን አስተካከለች።

"ስንት ዓመት የሰው ጉዳይ ስታጣራ ኖረሃል። አሁን የእህቴን ሂድና አጣራልኝ። የሰማኸውን አልፈልግም፤ ያየኸውን ንገረኝ።"

በመርማሪነት ሥራዬ ብዙ ቦታ ተልኬአለሁ። እናቴ ስትልከኝ ግን የመጀመሪያዬ ነበር፤ ወደ መናኸሪያው በፍጥነት ተራመድኩ።

ሚኒባሱ እስኪሞላ ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። አጠገቤ የተቀመጡት የጨርቅ ነጋዴ ወዴት እንደምሄድ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው።

"እኔም ሰምቻለሁ" አሉ። "እኔ የሰማሁት ግን ሁለቱም ክንዷ ነው።"

"እርስዎስ ተከትበዋል?"

"አዎ። አንድ ቀን ተኩሶኝ ተኛሁ፤ በማግስቱ ሱቄን ከፈትኩ። እውነቱን ለመናገር ከመርፌው ይልቅ ይሄ ወንበር ነው ያሳመመኝ።"

ሾፌሩ በመስተዋቱ አየን። "ወንበሩን የማይወዱ ጋሼ በእግር መሄድ ይችላሉ" አለ። ተሳፋሪው ሳቀ። እኔ ግን ሰዓቴን እያየሁ ነበር።

ዶዮገና ስደርስ አምስት ተኩል ሆኗል። አክስቴን ያገኘኋት ከጎረቤቷ ጓሮ፣ ከእንሰቱ መሃል ነው። አራት ጎረቤቶቿ ዘንበል ባለ ጣውላ ፊት ተቀምጠው በቀርከሃ መፋቂያ እንሰት ይፍቃሉ። እሷ ዳር ላይ ተቀምጣለች።

"ዛሬ የምትሠራው በአፏ ብቻ ነው" አለች አንደኛዋ ጎረቤት።

አክስቴ ስታየኝ ተነሳችና ግራ እጇን ዘረጋችልኝ። ደነገጥኩ። በእኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ያለ ምክንያት በግራ እጁ ሰላም አይልም።

"ቀኙስ?"

"አልነሳ አለኝ፣ ልጄ። ከተከተብኩ ወዲህ።"

ለእናቴ ይዤው የምመለሰውን ዜና አሰብኩ። ከዚያ እንደ ልማዴ ማስታወሻ ደብተሬን አወጣሁ፤ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። መቼ፣ የት፣ ማን ወጋሽ። የክትባት ካርዷን ከቤቷ አመጣችልኝ፤ ቀኑ ትክክል ነው፣ ረቡዕ። የትኛው ክንድ እንደሆነ ግን ካርዱ አይልም።

"የተወጋሽበትን አሳዪኝ።"

ትከሻዋን ገለጠች። ግራው ነው።

"የሚያምሽስ?"

"ቀኙ አልኩህ እኮ!"

"እስቲ ግራውን አንሺው።"

እስከ ላይ አነሳችው። "እሱማ ረቡዕ አመሻሹ ላይ አበጥ ብሎ ነበር። ብርድ ብርድ አለኝ፣ ራሴን አመመኝ። ሐሙስ ጠዋት ተወኝ።"

"ሐሙስ ምን ስትሠሪ ዋልሽ?"

ጎረቤቷ መለሰችላት። "ምን ትሠራለች፣ የእሷ ተራ ነበር። ከረፋድ እስከ ማታ ስትፍቅ ዋለች። ዕረፊ ብንላት ማን ይስማን።"

እዚያ ሴቶቹ እንሰት የሚፍቁት ተራ ይዘው፣ እየተረዳዱ ነው። ዛሬ የአንዷ ጓሮ፣ ነገ የሌላዋ። እንሰቱ አንዴ ከተቆረጠ ባለቤቷ ታመመች ተብሎ አይጠብቅም። ባለተራዋ ደግሞ ከረዳቶቿ ያነሰ ከሠራች ታፍራለች። አክስቴ ከትኩሳቷ በተነሳች በሰዓታት ውስጥ መፋቂያውን በቀኝ እጇ ይዛ ተቀመጠች።

ወደ ሴቶቹ ዞርኩ። "ከእናንተ መሃል የተከተበ አለ?"

የለም።

"ሐሙስ አብራችኋት የፋቃችሁስ?"

አራቱም።

"ቀኝ እጃችሁን እስቲ አንሱ።"

"ምርጫ ነው እንዴ?" አለች አንዷ። አነሱ። ሁለቱ ከትከሻቸው በላይ ማሳለፍ አቃታቸው። ሦስተኛዋ "አንሺ ካልከኝ አነሳለሁ፤ የምታወርድልኝ ግን አንተ ነህ" አለች።

የሚቀጥለውን ጥያቄ ስጠይቅ ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። ደስ ብሎኝ ነው። "ለማን ነው ስለ ክንድሽ የነገርሽው?"

ነገሩ ይህ ነበር። ዓርብ የጸሎት ቡድኗ ጋ መሄድ ስላልቻለች ደውላ፣ ከተከተብኩ ወዲህ ክንዴ አልነሳ ብሎኛልና ጸልዩልኝ አለች። የጸሎት ርዕስ ከቡድን ወደ ቡድን በስልክ ይተላለፋል። እነሱ ጎረቤት ወረዳ አንጋጫ ላሉት፣ አንጋጫ ያሉት ለሆሳዕናዎቹ ደወሉ። ኋላ ሰዎቹን አንድ በአንድ ጠይቄ እንደጻፍኩት፣ "አልነሳ አለ" የነበረው "ሽባ ሆነ"፣ "ሽባ" ደግሞ "ደረቀ" ሆኖ ነው እናቴ አግዳሚ ላይ የደረሰው። ሁሉም ከልባቸው እየጸለዩ ነበር። የአክስቴ ስልክ የተዘጋው መብራት ጠፍቶ ባትሪው ስላለቀ ነው።

አራት ጎረቤት ማስረጃ አይሆንም። ጠዋት ቁጥሯን ተቀብያት ስለነበር ሆሳዕና ነርሷ ጋ ደወልኩ። የተወጋው ክንድ ማመሙ፣ ድካሙ፣ ትኩሳቱ፣ ራስ ምታቱ የሚጠበቅ እንደሆነና አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን እንደሚያልፍ ነገረችኝ። ያልተወጋው ክንድ ለብቻው ቢያም ግን ሌላ ምክንያት መፈለግ ነው፤ በሁለት ሦስት ቀን ካልተሻላት ትታይ። "ይልቅ እናትህ የት ናቸው? አንድ ሰው የሚሆን ነው የቀረኝ" አለች።

አክስቴ እግሯን እየታጠበች ነበር። "እኔን ሳታይ አንተን አታምንህም" አለችኝ። "የራሴን እህት እኔ ነኝ የማውቃት።"

የመልሱ ሚኒባስ አልሞላም። ሰባት ሰዓት አለፈ፣ ሰባት ተኩል ሆነ። ሾፌሩን ሦስቴ ለመንኩት። ስምንት ሰዓት ላይ ሁለት በግ የያዙ ሰውዬ መጡና ተነሳን። ሆሳዕና መናኸሪያ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ፤ ከዚያ በባጃጅ።

እናቴ በረንዳዋ ላይ ነበረች። እህቷን ስታይ ተነሳች፤ ዓይኗን ከቀኝ ክንዷ ላይ አላነሳችም።

"ደረቀ የተባለው ይሄ ነው?"

አክስቴ በግራ እጇ ቆነጠጠቻት። "የተወጋው ደግሞ ይሄ ነው። ደረቀ?"

"አንቺ! ታዲያ ቀኙን ምን አገኘው?"

"እንሰት ፍቄ ነው።"

"ከትኩሳት ተነስተሽ? ሞኝ ነሽ።"

"አንቺ ብትሆኚ ትተኚ ነበር?"

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። "እንግዲህ ምንም አይልሽም በለኝ።"

ከግማሽ ሰዓት በላይ ጊዜ አልነበረንም፤ አዎ ብላት ባጃጁ ውስጥ ትገባለች። "እንደዚያ አልልሽም" አልኳት። "ክንድሽ ያምሻል። ሊያተኩስሽ ይችላል፤ ስኳርሽንም በነዚያ ቀናት ቶሎ ቶሎ እንለካለን። በጣም ጥቂት ሰው ላይ ከዚያ የከፋ ደርሷል፤ ሰውነት መቆጣት፣ ደም መርጋትም አለ። እሱን ለማየት ነው መጀመሪያ እዚያው የሚያስቆዩሽ፣ ከዚያም እኔ አጠገብሽ የምሆነው። በሽታው ቢይዝሽ ግን ከዚህ የበለጠ ያስፈራኛል።"

"ምንም አይልሽም ብትለኝ ኖሮ አልሄድም ነበር" አለችና ነጠላዋን አነሳች።

ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ስምንት ደረስን። ነርሷ ጠርሙሷን ወደ ብርሃን አንስታ አሳየችን፤ አንድ ሰው የሚበቃ አለ።

"እማማ፣ ዛሬ ትኩሳት አለዎት? ከዚህ በፊት መርፌ ወስደው አሳብጦዎት ያውቃል? ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይወስዳሉ?"

"የለም። የለም። አልወስድም። ግራውን ውጊኝ፣ ልጄ፤ በቀኙ ሥራ አለብኝ።"

ዘጠኝ ሰዓት ከሃምሳ ሦስት ተወጋች። አሥራ አምስት ደቂቃ ከአክስቴ ጋር ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ሲነታረኩ ሰዓቱ አለፈ። ነርሷ ባዶዋን ጠርሙስ ወደ ሳጥኑ ጣለች። የተወጋችበትን ሰዓት ደብተሬ ላይ ጻፍኩ።

እሑድ ከቀኑ ስድስት ሰዓት፣ የእናቴ ትኩሳት 38.2። ራስ ምታት፣ ቁርጥማት። ፓራሲታሞል ወሰደች። ስኳሯ ከወትሮው ትንሽ ከፍ ያለ።

እሑድ አሥራ አንድ ሰዓት፣ 37.4። ሾርባ ጠጣች። አክስቴ ደውላ ቀኝ ክንዷ እንደተሻላት ተናገረች፤ አላየሁም።

ሰኞ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ 36.7። እናቴ ግራ ክንዷን ከጆሮዋ በላይ አነሳች።