ቋሚ ተብላ የተመዘገበችው እህቴ

ሥራዬ የሥራ ፈላጊዎችን ስም መጻፍ ነው። ዲላ ውስጥ ባለ አንድ ቀበሌ፣ አንዲት መስኮት ባላት ክፍል ተቀምጬ፣ ዲግሪ ይዞ የሚመጣውንም ስድስተኛ ክፍል ያቋረጠውንም በአንድ መዝገብ አሰፍራለሁ። ሥራ ሲያገኙ ደግሞ "ሥራ የተፈጠረላቸው" ወደሚለው መዝገብ አዛውራቸዋለሁ። ሰው ከመዝገብ ወደ መዝገብ በተዛወረ ቁጥር ደስ የሚለኝ ጊዜ ነበር። ሞኝ ነበርኩ።

ታናሽ እህቴ የምትኖረው ከእኔ ጋር ነበር። እናታችን ከዲላ ወጣ ብሎ ባለው ወናጎ፣ ከእንሰቷና ከጥቂት እግር ቡናዋ ጋር ቀርታለች። እህቴ ዕፅዋት ሳይንስ ተምራ ከተመረቀች በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ እኔ ቤት ተቀመጠች። ማስታወቂያ ሰሌዳ ያለበት ግቢ ሁሉ ዘበኛው በመልኳ ያውቃታል። ከዚያ የቡና ዋጋ ከፍ አለ፤ ተዘግተው የከረሙ የቡና ማጠቢያዎች ተከፈቱ፤ በየመንገዱ አዲስ ባጃጅ በዛ። በየስብሰባው "ኢኮኖሚው እያንሰራራ ነው" ይባል ጀመር። ውሸት አልነበረም፤ እኔም በዓይኔ አይቼዋለሁ። ግን የመጣው ሥራ ምን ዓይነት ነው ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። የሚጠየቀው ስንት ሰው የሚለው ብቻ ነው።

እህቴም በጥቅምት፣ ወናጎን አለፍ ብሎ ባለ ማጠቢያ ለቀማ ገባች። የታጠበው ቡና እንዲደርቅ በአጠና ላይ በተወጠረ ሽቦ ይሰጣል፤ አልጋ ይሉታል። ሴቶቹ አልጋውን ከብበው የጠቆረውን፣ የተሰበረውን፣ ነፍሳት የበላውን እየለቀሙ ያወጣሉ። ቀኑን ሙሉ ቆመው ነው። ቡናው ጥር ላይ ሲያልቅ ሥራውም አብሮ ያልቃል። "አራት ዓመት ያጠናሁትን የዕፅዋት በሽታ አሁን በጣቴ እየለቀምኩት ነው" ብላ ሳቀች። ሳቋ አንጀቴን በላው።

የእኛ ቅጽ ሁለት ሳጥን አለው፤ ቋሚና ጊዜያዊ። በዚያ ዓመት ለዞን ሪፖርት የሚደረገው የቋሚው ሳጥን ባዶውን ሊቀር ሆነ። አለቃዬ ቅጹን ይዞ መጣ።

"እነዚህ ለቃሚዎች አምና መጥተው ነበር?"

"አዎ።"

"ለከርሞስ ይመጣሉ?"

"ቡና ካለ ይመጣሉ።"

"በቃ! በየዓመቱ የሚመጣ ሰው ቋሚ ካልሆነ ማን ነው ቋሚ?"

ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሱ ግን አልሳቀም፤ ቅጹን ገፋ አደረገልኝ። እኔ ራሴ ኮንትራት ነኝ፤ በየዓመቱ ይታደስልኝ ይሆን እያልኩ የምሳቀቅ ሰው። እምቢ ማለት ይቻል ነበር፤ አላልኩም። የሴቶቹን ስም አንድ በአንድ ቋሚ ሥር ጻፍኩ። መጨረሻ ላይ አንዲት መስመር ባዶ ቀረች። የእህቴን የመታወቂያ ቁጥር በቃሌ አውቀዋለሁ፤ በእሱ ሞላኋት።

እሁድ ከቸርች ስንመለስ ወረቀቱን ሰጠኋት።

"ምንድን ነው?"

"ለሪፖርት ነው፣ ፈርሚልኝ።"

አላነበበችውም። "አንተ ካልክ" ብላ ፈረመችልኝ።

በሚያዝያ ማስታወቂያ ወጣ። አዲስ የሚከፈት የቡና ጥራት መመርመሪያ ዕፅዋት ሳይንስ የተማሩ ሁለት ሰዎች ይፈልጋል። ጡረታ ያለው፣ ነጭ ጋዋን የሚለበስበት፣ በእርግጥም ቋሚ የሆነ ሥራ ነው። የሚጠየቀው ዲግሪና ከቀበሌ የሚጻፍ የሥራ አጥነት ማስረጃ ነበር። እህቴ የዚያን ቀን እንደ ሕፃን ሆነች። ዲግሪዋን ከሻንጣ አውጥታ ደጋግማ አየችው። ደብዳቤውን ቤት ላምጣልሽ ስላት "እንደ ሰው ተሰልፌ ነው የምወስደው" አለችኝ።

እውነትም ተሰለፈች። ተራዋ ደርሶ መዝገቡን ስገልጥ ያ መስመር ትዝ አለኝ። እውነቱን ልናገር ካልኩ፣ ማስታወቂያውን ካየሁ ጀምሮ ትዝ ይለኝ ነበር፤ ላስበው አልፈለግኩም እንጂ። ብድግ ብዬ ወደ አለቃዬ ሄድኩ።

"አንዷን ከቋሚው ላውጣት?"

"እሷን ካወጣህ ሌሎቹንም ልታወጣ ነው። ሪፖርቱ ዞን ደርሷል፤ የሞላኸው ደግሞ አንተ ነህ።"

ወደ መስኮቱ ተመለስኩ።

"ቋሚ ሠራተኛ ነሽ ይላል" አልኳት።

"የት?"

"ማጠቢያው።"

"ማጠቢያው ከተዘጋ ሦስት ወር አለፈው እኮ። ማነው እንደዚህ የጻፈው?"

ፊቴን አይታ ራሷ አወቀችው። ከኋላዋ ያለው ሰውዬ ጉሮሮውን ጠረገ። እህቴ ዲግሪዋን ወደ ማኅደሩ መልሳ ቀስ ብላ ወጣች። እኔም፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ "ቀጣይ" አልኩ። ስለዚያች ቃል ራሴን ይቅር ማለት አልቻልኩም።

ሥራውን ሌሎች ሁለት ልጆች አገኙት። ብትሰድበኝ በወደድኩ። እሷ ግን ልብሷን ሰብስባ ወናጎ እናታችን ጋ ገባች፤ ጥቅምት ሲመጣ ወደ አልጋው ተመለሰች።

በኅዳር ቋሚ የተባለውን ሥራ በአካል የሚያይ አጣሪ መጣ። አስጎብኚው እኔ ሆንኩ። ሰውዬው ዝርዝሩን ይዞ አልጋው አጠገብ ቆመና አንዲት ሸምገል ያለች ሴት ቋሚ መሆኗን ጠየቃት።

"እኔ?" አለችው። "ቡና ካለ አለሁ። ቡና ከሌለ ቤቴ ነኝ።"

ወረቀቱን አየ፤ ከዚያ እኔን አየኝ። እውነቱን ለመናገር አንዲት ዓረፍተ ነገር ትበቃኝ ነበር፤ ከአፌ አልወጣችም። ሰውዬው ወደ ቀጣይዋ ዞረ፤ እህቴ ነበረች።

"አንቺስ፣ እህቴ?"

እጇን ከቡናው ሳታነሳ አንድ ጊዜ አየችኝ።

"ቋሚ ነኝ" አለች።

"ቡናው ሲያልቅስ?"

"አልጋ እንጠግናለን፣ ግቢ እናጸዳለን። እኚህ እናት አማርኛው ብዙም አይገባቸውም፤ ስላልገባቸው ነው እንዲያ ያሉት።"

እህቴ ስትዋሽ በሕይወቴ ሰምቻት አላውቅም። ሸምገል ያለችውም ሴት ወደ ቡናዋ አጎነበሰች፤ ነገሩ የገባት ይመስለኛል። ሰውዬው በእስክሪብቶው ምልክት አድርጎ ወደ መኪናው ሄደ።

እኔ ቀረሁ። "ለምን?" አልኳት።

"አንተም ሥራህን ካጣህ እማዬን ማን ያያታል?" አለችኝ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

እጇን ልይዛት ጠጋ አልኩ። አጣሪው ከመኪናው ዞሮ ሲያየን ፈጥና ሸሸት አለች። ወንድሟ መሆኔን እንዳያውቅ፣ እሱ እስኪሰማ ጮክ ብላ፣ እንደማንኛውም የቢሮ ሰው፣ "በሉ ጌታዬ፣ መኪናው እየጠበቀዎት ነው" አለችኝ።