ጠላት የሌለው ሰው

አስማረ ከቤቱ አጥር ሳይወጣ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነበር። ዘመኑ ጣሊያን ከወጣ ዐሥራ አምስት ዓመት ገደማ የሆነበት ሲሆን፣ መንደሩም ታች ጋይንት ውስጥ፣ ከአርብ ገበያ የግማሽ ቀን መንገድ ርቃ የምትገኝ ነበረች።

በሽታው የጀመረው ከገበያ ሲመለስ ነው። ከመንደሩ በታች ካለው ሰፊ ሜዳ መሀል ሲደርስ ልቡ ያለ ምክንያት ይደልቅ ጀመር። ትንፋሹ አጠረ፣ መሬቱም ከእግሩ ሥር የሚሸሽ መሰለው። የሚይዘው ዛፍ፣ የሚጠጋው ቋጥኝ አጥቶ በእንብርክኩ እየዳኸ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሜዳውን ገና ሲያስበው ላብ ያጠምቀዋል። መጀመሪያ ገበያ ቀረ። ቀጥሎ ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያ ለቅሶ፣ በመጨረሻም የገዛ እርሻው ቀረበት። መሬቱን የሚስቱ ወንድም ሙላው በእኩል ያርሰው ጀመር። ሚስቱ አበራሽ ጠበል በእንስራ እያመላለሰች አስጠመቀችው፤ የእሷ ጀርባ ተላጠ እንጂ ለእሱ አልፈየደለትም።

በዚያ አገር ጤነኛ ወንድ ቤቱን ዘግቶ ከተቀመጠ ሰው የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጠላት አለበት። ጎረቤቶቹም በአጥሩ በኩል ሲያልፉ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር። «ማንን ነክቶ ይሆን?» ይባባላሉ። ፈሪ ያለው አልነበረም።

በኅዳር ወር ከታላቅ እህቱ ከላቀች መልእክት ደረሰው። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደገችው እሷ ናት፤ የምትኖረው ከሜዳው ማዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ ነው። «ሆዴ አብጧል፤ ገናን አልደርስም። አንድ ጊዜ ዓይኑን ልየው» ብላ ላከች። አስማረ ሦስት ቀን በማለዳ ዱላውን ይዞ ከበሩ ቆመ። ሦስቱንም ቀን ተመልሶ ገብቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ።

አበራሽ መላ ስታጣ ቤተ ልሔም ድጓ ተምረው የመጡትንና በመንደሩ የተጣላ ሁሉ የሚታረቅባቸውን መሪጌታ ቀለመ ወርቅን ለመነች። ሐሙስ ዕለት ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ። ሙላውም አብሯቸው ነበር።

«የመጣነው ልንፈርድብህ አይደለም፤ ልናስታርቅህ ነው» አሉት መሪጌታ። «ጠላትህ ማነው?»

«ማንም የለም፣ የኔታ።»

«ደም ነው?»

«አይደለም። ሜዳው ነው።»

«ሜዳው ላይ ማን አለ?»

«ማንም የለም፤ ባዶ ነው። ባዶነቱ ነው የሚያስፈራኝ።»

ሙላው ሳቁን በጋቢው ሸፈነ። «ከብቶቹስ እንዴት ደፍረው ይግጡበታል?» አለ።

መሪጌታ አልሳቁም። «ልጄ፣ ስሙን መጥራት ፈርተህ እኛን አታታልለን። ስም ከሰጠኸን፣ እስክናስታርቅህ ድረስ ዘመዶችህ መሣሪያ ይዘው ያጅቡሃል፤ እህትህ ቤት ብቻህን አትሄድም። ስም ከሌለ ግን ምን ልንረዳህ እንችላለን?»

አስማረ ከዚህ ሁሉ የሰማው «ብቻህን አትሄድም» የሚለውን ብቻ ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለው ሰው አልነበረም። ስም ፈለገ። ከዓመታት በፊት አርብ ገበያ ላይ በአንዲት ጊደር ዋጋ ሳይስማሙ፣ በጩኸት የተለያዩት አንድ የስማዳ ሰው ትዝ አለው።

«ጌጡ» አለ። «የስማዳው ጌጡ። ዝቶብኛል።»

አበራሽ ቀና ብላ አየችው። ውሸቱን እንደሆነ ታውቃለች፤ ግን አላጋለጠችውም።

ሰኞ ጠዋት ሙላው ጠመንጃውን አንግቶ፣ ሁለት የአጎት ልጆችም አጨዳቸውን ትተው መጡ። አስማረን መሀል አስገቡት። ዓይኑን ከሙላው ጀርባ ሳይነቅል ከአጥሩ ወጣ፣ ቁልቁለቱን ወረደ፣ ሜዳው ላይ ገባ። ልቡ ይደልቅ ነበር፤ ነገር ግን በግራና በቀኝ ያሉት ትከሻዎች እንደ ቤት ግድግዳ ሆኑለት።

«እንዲህ ተለጥፈህብኝ ከሄድክ ሚስቴ ትቀናለች» አለው ሙላው።

አስማረ ሊስቅ ምንም አልቀረው። የሜዳውን እኩሌታ አልፈው ነበር።

ከማዶ ሁለት ሰዎች ሲመጡ አዩ። ከፊት መሪጌታ ናቸው። ከኋላቸው አንድ ሰው ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ አጎንብሶ ይከተላል።

«ጌጡን ገበያ ላይ አገኘሁት» አሉ መሪጌታ። «ዛቻውን አላስታውሰውም ይላል። ቢሆንም በእኔ ምክንያት ሰው ሁለት ዓመት እቤቱ ከታሰረ ድንጋይ እሸከማለሁ ብሎ መጣ።»

«በገበያ ሙቀት ብዬው ይሆናል» አለ ጌጡ ቀና ሳይል። «ስለ እግዚአብሔር ብለህ ማረኝ።»

አስማረ ወደ ሙላው ተመለከተ። እውነቱን እንዳይናገር፣ ለእሱ ብለው አጨዳ የተዉት ዘመዶቹ ጠመንጃ ይዘው ቆመዋል። «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለ። ድንጋዩን አወረዱለት፤ ሁለቱም ተሳሳሙ።

ሙላው ጠመንጃውን ወደ ጀርባው መለሰ። «በል እህትህን ሳምልን፤ እኛ ወደ ገብሳችን እንመለስ።»

«እስከ ወንዙ ሸኙኝ» አለ አስማረ።

«ደግሞ ከማን ፈርተህ?»

ሙላውና የአጎት ልጆቹ ፊታቸውን ወደ ተዳፋቱ አዞሩ። መሪጌታም የምሥራቹን ለአበራሽ ሊነግሩ ከእነሱ ጋር ወደ መንደሩ ወጡ።

«መንገዳችን አንድ ነው፤ አብረን እንሂድ» አለው ጌጡ።

ሄዱ። ሦስት የነበረው ትከሻ አንድ ሆነ፤ ቢሆንም ደግፎ ያዘው። ጌጡ ወሬው አያልቅም። «ሚስቴ አፍህ ክፉ ነው ትለኛለች፤ ልክ ናት። ለመሆኑ ቤተሰብህ በምን ኖረ? ያችን ጊደር እነዳልሃለሁ፤ አሁን ወልዳለች። ከነጥጃዋ ውሰዳት።»

አስማረ ድንጋዩ የላጠውን የሰውዬውን ማጅራት አየ።

«አልዛትክብኝም» አለ። «ዋሸሁ። የምፈራው ይሄን ሜዳ ነው። አጃቢ ባጣ ስምህን ጠራሁ።»

ጌጡ ቆመ። ሜዳውን ዙሪያውን ተመለከተው። ላሞች ብቻ ነበሩ።

«በሰው ፊት ድንጋይ አሸከምከኝ?» አለ በዝግታ። ማጅራቱን ዳሰሰና መንገዱን ቀጠለ።

አስማረ ተከተለው። አርባ እርምጃ ያህል እንደሄደ ግን ርቀቱ ሰፋ፤ ሜዳውም በአራቱም ማዕዘን ተከፈተበት። ተቀመጠ። ከዚያ በደረቱ ተኝቶ ሣሩን በሁለት እጁ ጨበጠ። «ጌጡ» ብሎ ተጣራ። ሰውዬው አልዞረም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በእንብርክኩ እየዳኸ ተመለሰ። ገብስ የሚያጭዱት እነሙላው ከተዳፋቱ ላይ አዩት፤ ማጭዳቸውን ይዘው ቆሙ። የሳቀ አልነበረም። አበራሽ በሩን ከፍታ አስገባችውና ጉልበቱን አጠበችለት።

ላቀች በአምስተኛው ቀን ሞተች። መሪጌታ ለለቀስተኛው አስማረ እንደታረቀ፣ ከእንግዲህ የሚፈራው ሰው እንደሌለ ተናግረው ነበር። ለቅሶው ላይ ሴቶቹ አበራሽን ከበቡና «ወንድሟ የታለ?» አሏት። ለሰው የምትጠራው የበሽታ ስም አልነበራትም፤ የምትጠራው ጠላትም አልቀረላትም።

«አልመጣም» ብቻ አለች።