መብረቅ ፈርቼ ያጠፋሁት ኮምፒውተር

ልጄ አስተማሪ ናት። የማስተርስ ጽሑፏን የምታስረክበው ሰኞ ነበር። ሐሙስ ጧት ማኅተም የሚመታበት ወረቀት ይዛ ወደ መካነ ኢየሱስ ከተማ ስትሄድ ኮምፒውተሯን እኔ ቤት መደብ ላይ ተወችው።

«አባባ፣ ውስጡ ሁለት ሲስተም አለ። ካንዱ ቦታ ቀንሼ ለሌላው እየሰጠሁ ነው። እስኪጨርስ እንዳይነኩት» አለችኝ።

እሺ አልኩ። ከቀትር በኋላ ሰማዩ ጠቆረ፣ ነጎድጓዱም ጀመረ። በእኛ አገር መብረቅ ሲመጣ ሬዲዮም ስልክም ይጠፋል። ባለፈው ክረምት የጎረቤቴን ጥማድ በሬ ዛፍ ሥር ጥሎበታል። ሽቦውን ከግድግዳው ነቀልኩት። የመስታወቱ ብርሃን አልጠፋ ሲለኝ ቁልፉን ተጭኜ ያዝኩት፤ ጠፋ። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ዝናቡ ሲያባራ ብከፍተው ጥቁር መስታወት ላይ ነጫጭ የፈረንጅ ፊደል ብቻ። ዘጋሁት፣ ከፈትኩት፤ ያው ነው። ለልጄ መደወል አቃተኝ። እኔ አማርኛውንም የማነበው በጣቴ እየተከተልኩ ነው። የፈረንጁን ፊደል እንደ ሥዕል እያየሁ ወረቀት ላይ ገለበጥኩት።

በነጋታው ኮምፒውተሩን በጋቢ ጠቅልዬ አርብ ገበያ ወረድኩ። ኮምፒውተር የምትጠግን ሴት አለች። ወረቀቴን አይታ ሳቀች።

«አባቴ፣ ይህን ዶሮ ነው የጫረው?»

«አንብቢውና ሳቂ።»

አነበበችው። ሳቋን ተወች።

«ወሰን ሲገፋ መሐል ላይ አቋርጠውታል። አሁን የሁለቱም መነሻ ጠፍቶበታል። ልደምስሰውና አዲስ ልጫንበት?»

«የልጄ ጽሑፍስ?»

«አብሮ ይጠፋል።»

«እንግዲያ እጅሽን አንሺ!»

«ሌላ ሰው እየጠበቀኝ ነው፣ አባቴ።»

«ይጠብቅ። እኔ ከዚህ አልነሣም።»

ደጃፏ ላይ ተቀመጥኩ። እንደማልሄድ ስታውቅ ፍላሽ ሰክታ በዚያ አስነሣችው። ቀትር ላይ አንደኛው ሲስተም ተከፈተ። ተመስገን ልል አፌን ስከፍት «ይሄ ባዶው ነው» አለችኝ። የልጄ ጽሑፍ ያለው በሌላው ነው። የዚያን የዱሮ ወሰን የምታውቀው ደግሞ ልጄ ብቻ ናት። ደወልኩ።

«አባባ! ነኩት እንዴ?»

«መብረቅ ነበር።»

ስልኩን ለሴትዮዋ ሰጠኋት። ልጄ የወሰኑን ቁጥር ነገረቻት። ሴትዮዋ ወሰኑን መለሰችው፤ ሁለተኛውም ተነሣ። ጽሑፉም ተገኘ። ልጄ መጨረሻው እንዲነበብላት ጠየቀች፤ ሴትዮዋ አነበበችላት።

«ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ገጽ ጽፌ ነበር» አለች ልጄ።

ሴትዮዋ ፈለገች፣ ደግማ ፈለገች። ኋላ ራሷን ወዘወዘች። «የተገኘው የቆየው ነው።»

ስልኩን ተቀብዬ ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት። ከወዲያ የአውቶቡስ ረዳት ደብረ ታቦር፣ ደብረ ታቦር እያለ ይጮኻል።

«ልጄ፣ ስደቢኝ» አልኳት።

«ስድብ ምን ይሠራልኛል፣ አባባ? ያለኝ ሁለት ቀን ነው። ይዘውት ይግቡ፣ መኪና ልሳፈር ነው።»

ዘጋችው። እኔም ኮምፒውተሩን በጋቢዬ መልሼ ጠቅልዬ ተነሣሁ።