የአምባዛ መንጠቆ ዳኛ

ሰው ሁሉ «ዳኛው» ይለዋል እንጂ ፍርድ ቤት የረገጠው በዕድሜው አንዴ ብቻ ነው፤ እሱም ለምስክርነት ተጠርቶ፣ ጉዳዩ ለሌላ ቀን ተቀጥሮ፣ አፉን ሳይከፍት ነው የተመለሰው። የእሱ ዳኝነት በመንጠቆ ላይ ነበር። ከጀልባ ማቆሚያው ፊት ለፊት ባለችው አንድ ክፍል ሱቁ፣ ወደ ውሃው በሚከፈተው መስኮት ሥር ተቀምጦ ይውላል፤ አምባዛ ሊያጠምድ የሚወጣ ሁሉ መጀመሪያ እዚያ መስኮት ላይ ይቆማል። ሳይቆም ያለፈ እንደሆነ ደግሞ ባዶ እጁን ሲመለስ በዚያው ማለፉ አይቀርም። «እህሳ! ዛሬ ምን አጠመድክ? ንፋስ?» ይለዋል። ምላሱ ከሸቀጡ ይወጋል።

ሲመርጥ ላየው ሰው ለልጁ ሚስት የሚያጭ ነበር የሚመስለው። መጀመሪያ አውራ ጣቱን በመንጠቆው እጥፋት ውስጥ ያስገባል። ጣቱ ካልገባ መንጠቆው ወደ ጎን ይወረወራል። «አምባዛ አፈ ሰፊ ነው» ይላል፤ «ጉበት ወይም የዶሮ አንጀት ሰካ ካላደረግክለት ዞር ብሎም አያይህ። መንጠቆህ ጠባብ ከሆነ ጉበቱ ራሱ ይሞላዋል፣ ጫፉ የሚወጋበት ቦታ ያጣል!» ቀጥሎ ሽቦውን ያያል። ቀጭን ሽቦ ለትንሹ ዓሣ ለቆሮሶ ነው፤ አምባዛ አንዴ ከተገላበጠ ዘርግቶ ቀጥ ያደርገዋል። በመጨረሻ ጫፉን በጥፍሩ ላይ ይስበዋል፤ ቧጭሮ ከቆመ አለፈ፣ ከተንሸራተተ ሞረድ ይጠራል። ከሁሉ የሚወደው ጫፉ ወደ ውስጥ የዞረውን ነው። ዓሣው ውጦ ዞር ሲል መንጠቆው ራሱ ተንሸራትቶ የከንፈሩን ማዕዘን ይይዛል። «አትጎትት፣ አንተ ችኩል! ዓሣው ራሱ ላይ እስኪፈርድ ተወው» ይላል።

ዓሣው ሲመጣ ደግሞ ፍርዱን ያጣራል። አፉን ከፍቶ ቁስሉን በጣቱ ይፈልጋል። ማዕዘኑ ላይ ካገኘው «ተፈርዷል!» ይላል። ጉሮሮው ውስጥ ከሆነ ግን «መንጠቆህ ትንሽ ነበረች፣ ውጧታል፤ ከእኔ አልገዛሃትም» ብሎ ሰውየውን ያሳፍረዋል። ቁስሉን ሳያይ የለቀቀው ዓሣ የለም።

ሚስቱ እዚያው በሩ ላይ ጣውላ ዘርግታ ዓሣ ትበልታለች። «ጸሐፊዬ» ነው የሚላት፤ አንድ መስመር ጽፋ አታውቅም፣ የተፈረደበትን መንጠቆ በወረቀት መጠቅለል ነው ሥራዋ። እሷም «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ምሳ ቀርቧል» ትለዋለች። እንዲህ እየተቀላለዱ አረጁ።

እንዲህ ያለው ሰው ነው እንግዲህ መርሳት የጀመረው። መጀመሪያማ ያስቅ ነበር። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰክቶ ቤቱን ያተራምሳል፤ ብርጭቆው ሳይደርቅ «ዛሬ ሻይ የለም እንዴ?» ይላል። «ዕድሜ ነው፣ ምን ታደርገዋለህ» እያለች ትስቅበታለች። የሞተችውን እህቱን «ዛሬ ደግሞ ምን አስቆያት?» ማለት ሲጀምር ግን ሳቋ ቀረ። ከዚያ አንድ ቀን ቀዛፊው፣ ከዚያ መስኮት በቀር ከሌላ ቦታ መንጠቆ ገዝቶ የማያውቀው ጀልባ ነጂ፣ አንድ ነገር በመዳፉ ደብቆ መጣና ለእሷ ብቻ አሳያት። ተዘርግቶ ቀጥ ያለ መንጠቆ ነው፤ ቀጭን፣ የቆሮሶ።

«እትዬ፣ ጋሼ ናቸው ለአምባዛ ብለው የሰጡኝ» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ሴትዮዋ መንጠቆውን አየች፣ ባሏን አየች። ስሟን ቢረሳ፣ ቤቱን ቢረሳ ይሄን ያህል አትደነግጥም ነበር። መንጠቆውን ቀምታ በመቀነቷ ቋጠረችና «አደራህን፣ ለእሱ እንዳትነግረው» አለችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዳኛው ይፈርዳል፣ ጸሐፊዋ ፍርዱን ትገለብጣለች። እሱ ያቀበላትን ወደ መንጠቆው ጣሳ ትመልስና ትክክለኛውን ጠቅልላ ትሰጣለች። ስታየው ስለኖረች እጇ ያውቀዋል። አጥማጆቹም አወቁ፤ የወደቡ ሰው በሙሉ አወቀ። ወሬ ሳያላምጥ የማያድር ሰፈር ይሄን አንድ ነገር ግን ሆድ ይፍጀው አለ። እየመጡ «አቤት ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ!» ይሉታል፤ እሱም ደረቱን ነፋ አድርጎ «ሌላ የት ታገኛለህ!» ይላል። እሷ ጓዳ ገብታ የሻርፗን ጫፍ ነክሳ ታለቅስና ፊቷን ታጥባ ትመለሳለች። ባሏ በዓይኗ ሥር እያለቀ ነው። ያስቀረችለት ይቺን መስኮት ብቻ ነበር።

ጉዱ የፈላው በውሃው ነው። አንድ ማለዳ አቀርቅራ ስትበልት ከአጠገቧ ተነሥቶ ሄደ፤ አላየችውም። ቀዛፊው ሲደርስ ውሃው ደረቱ ላይ ነበር። «ወዴት ነው ጋሼ?» ቢለው «ከማዶ እህቴን ልጥራት» አለው። ጎትቶ አወጣው። ነገሩ ውሎ ሳያድር ልጃቸው ጆሮ ገባ፤ ልጅቷ ከተማ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን ማቆያ ነርስ ናት። የመጣችው አልጋ አስይዛለት ነው።

«እማዬ፣ እኔ የምሠራበት ቤት ነው» አለች እናቷን ጓዳ አስገብታ። «እኔው አበላዋለሁ፣ እኔው አጥበዋለሁ። አንቺ መተኛት አለብሽ። ፊትሽን በመስታወት አይተሽዋል?»

«እሺ፣ እኔስ?»

«የወንዶች ክፍል ነው። እየመጣሽ ትጠይቂዋለሽ።»

«የገዛ ባሌን ልጠይቀው? እንደ እስረኛ!»

«አባዬ እኮ ራሱን አያውቅም።»

«ያውቃል!» አለች እናት። «የእኔን ስም ይርሳ፣ የአንቺንም ይርሳ፣ ግድ የለኝም። መንጠቆውን ያውቃል። ይሄ ሁሉ ሰው የሚያጠምደው ዛሬም በእሱ ፍርድ ነው። ውጪና ጠይቂ!»

አፏን ሞልታ ዋሸች። ልጅቷ በጓዳው በር ወደ መስኮቱ አየች። በዚያ መስኮት ሥር ነው ያደገችው፤ የዓሣውን ሽታ ሸሽታ ትምህርቷን ያዘች እንጂ አባቷ በዚያ መስኮት ምን እንደነበረ ታውቃለች።

«እኔ መንጠቆ አላውቅም» አለች በመጨረሻ። «አሁን እኔ እያየሁ ይምረጥ፣ ቀዛፊው በዚያው ይውጣ። ከሰዓት አምባዛ ይዞ ከመጣ፣ አባዬን የሚጠብቅ ሰው እንቀጥርና እዚሁ ይኑር። ካልመጣ ግን ነገ ጠዋት መኪና አመጣለሁ። ያኔ እንዳትከራከሪኝ።»

እናት «እሺ» አለች። ምን ትበል?

ቀዛፊው መስኮቱ ላይ ቆመ። «ጋሼ፣ ለአምባዛ አንድ ይፍረዱልኝ።» ዳኛው ጣሳውን ዘረገፈ። እጁ ሄዶ ያረፈው ጫፉ ወደ ውስጥ በዞረው፣ በወፍራሙ ላይ ነበር። አውራ ጣቱን አስገባ፤ ገባ። «እሰይ የኔ ጌታ» አለች ሴትዮዋ በሆዷ፤ «እሰይ፣ እሱን ነው፣ አትልቀቀው!» ሰውየው መንጠቆውን ትንሽ ገላበጠው፣ አስቀመጠው፣ ከጎኑ የምታብረቀርቅ ቀጭን የቆሮሶ መንጠቆ አነሣ። «ይቺ ናት» አለ። «ተፈርዷል።»

እጇን ለወረቀቱ ስትዘረጋ ልጅቷ ቀደመቻት። «ዛሬ እኔ ልጠቅልልለት፣ እማዬ።»

አለቀ። ጀልባው ሲርቅ እያየች ሰማይ የተደፋባት ያህል ቆመች። በዚያች መንጠቆ አምባዛ እንደማይወጣ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ነገ ጠዋት መኪና ነው። ማን ነው የሸሚዙን ቁልፍ የሚቆልፍለት? ሲባንን የማንን እጅ ይይዛል? የመበለቻ ቢላዋዋን ጣለችና «ጨው ልግዛ» ብላ ወጣች።

የሄደችው ከወደቡ ማዶ መረበኞቹ ዓሣ ወደሚያራግፉበት ነው። ትልቁን አምባዛ፣ ጢሙ ገና የሚንቀሳቀሰውን፣ በጆንያ ጠቅልላ ቀዛፊው የሚመለስበት ጠርዝ ላይ ጠበቀችው። መጣ። እጁ ባዶ ነው።

«ይሄን በጋሼ መንጠቆ ያዝኩ በል።»

ቀዛፊው ጆንያውን አልተቀበላትም። «እትዬ፣ ይሄስ...»

«ምነው፣ እስከ ዛሬ ስትዋሽልኝ አልኖርክም?»

«በመንጠቆ ነው የዋሸነው። በዓሣ አልዋሸንም።»

«እግርህ ላይ ልውደቅ?» አለችው፤ ጉልበቷ መታጠፍ ጀምሮ ነበር። ያን ጊዜ ተቀበላት።

ዓሣው ጣውላው ላይ ዱብ ሲል ልጅቷ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ተሸነፍኩ» አለች፤ እናቷን አቅፋ ሳመቻት። እናት ዓመት ሙሉ ያልወጣላትን ትንፋሽ ተነፈሰች። ውሸት ይሁን ምን ይሁን፣ ባሏ ቤቱ ሊያድር ነው! ዳኛውም ድምፁን ሰምቶ እጁን እያሻሸ መጣ። «ወዲህ በሉት እስቲ» አለ፤ የዓሣውንም አፍ ከፈተ።

እሱን ነበር የረሳችው። መርሳት የእሱ ብቻ መስሏት፣ ቁስሉን ሳያይ ዓሣ እንደማይለቅ እሷ ራሷ ረሳች።

አውራ ጣቱ ቀኙን ማዕዘን ፈተሸ። ግራውን ፈተሸ። ጉሮሮው ውስጥ ገባ። ከዚያ ወጥቶ ከጉንጩ ኋላ፣ ለስላሳው ቆዳ ላይ ባለ ቀጭን ሰንበር ላይ ቆመ።

«ይሄን ዓሣ መንጠቆ አልነካውም» አለ። «በመረብ ነው የተያዘው።»

«አወቀ!» አለች ልጅቷ፤ እንባዋ ዱብ አለ። «እማዬ፣ እውነትሽን ነው፣ ያውቃል እኮ!»

እሱ ግን ወደ ቀዛፊው ዞሯል። «የሰጠሁህን መንጠቆ አምጣ።» ቀዛፊው አቀርቅሮ ከኪሱ አወጣ። ዳኛው አውራ ጣቱን በእጥፋቱ ሊያስገባ ሞከረ። አልገባም። ሽቦውን በሁለት ጣቱ ያዝ ቢያደርገው ተዘረጋ። ፊቱ ላይ የድሮው ሰውዬ ተመልሶ መጣ፤ ቁጡው፣ ነቃፊው፣ ልቅም ያለው። መጥቶም ያየው ራሱን ነው።

«ይሄን እኔ ነኝ የመረጥኩት?»

ቀዛፊው ወደ ሴትዮዋ አየ።

«ጸሐፊ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ቆየ» አለች ሴትዮዋ።

«ሰዉ ያውቃል?»

«ሁሉም።»

«እነዚያ ሁሉ... እጅዎ ይባረክ ሲሉኝ...» አልጨረሰውም። ተነሥቶ የመስኮቱን መዝጊያ ራሱ ሳበ፣ ራሱ ቀረቀረ። «ልጄ፣ ለእናትሽ አልጋ አለ ስትያት ሰምቻለሁ፤ የት ነው? እሄዳለሁ።»

ሚስቱ ጉልበቱን አቀፈች። «እኔን ለማን ትተህ? እንዴት ይሄን ትፈርድብኛለህ?»

«ውሃ ውስጥ ስገባ አብረሽኝ ከገባሽስ? ማን ያወጣሻል?» አላት፤ እጁን ራሷ ላይ አሳረፈ። «ተፈርዷል።»

በማግሥቱ ሲነጋ መኪናው በር ላይ ቆሟል። ዳኛው ተነሥቶ ፊቱን ታጠበ፣ መስኮቱ ሥር ተቀመጠና ተቆጣ። «ይሄን ማነው የዘጋው? ቀዛፊው ሊመጣ አይደለም እንዴ?» የትናንቱ ሁሉ ከራሱ ጠፍቷል። ልጅቷ እናቷን ወደ ጎን ሳበቻት። ዓይኗ አብጧል። «እማዬ፣ እኔም አልቻልኩም። ይቆይ ካልሽ መኪናውን እመልሳለሁ።»

እዚህ ላይ ነው ሴትዮዋ የተቃጠለችው። ፍርዱን ፈራጁ ራሱ እንኳ አያስታውሰውም። መዝጊያውን ብትከፍት፣ ጣሳውን ብታቀርብለት፣ ሁሉም እንደ ድሮው ነው፤ ባሏ የእሷ ነው። እጇ እስከ መቀርቀሪያው ሄደ። አንድ ጊዜ ልቡ ሙሉ ሆኖ የተናገረውን እንዴት ትገልብጠው? መንጠቆ ገለበጠች፤ ይሄን ግን አልቻለችም።

«ይሄ ሻንጣ የት ሊሄድ ነው?» አላት።

«አንተ ልጅህ ዘንድ ልትሄድ ነው።»

«ማነው እንዲህ ያለው?»

«አንተ ነህ፣ ክቡር ፍርድ ቤት። ትናንት ፈረድክ።»

«እኔ?» ብሎ አሰበ። ግንባሩን አሸ። ምንም አላገኘም። «እኔ ከፈረድኩማ ልክ ነው» አለና ኮቱን ለበሰ።

መኪናው ውስጥ ገብቶ ተደላደለ፤ ከጎኑ ያለውን መቀመጫ በእጁ ጠረግ ጠረግ አደረገላት። «ጸሐፊ፣ አትገቢም እንዴ?»

«ሱቁን ልዝጋና መጣሁ» አለችው።

ሱቁ ከትናንት ጀምሮ ዝግ ነበር።