የማይዘጋው ሙቀት

ሜካኒኩ እንደ ዓይኑ ብሌን የሚያያት አንዲት አሮጌ የስፖርት መኪና አለችው። የምትይዘው ሁለት ሰው ብቻ ነው፤ ውስጧ ግን ምድጃ ነው። ሚስቱ በገባች ቁጥር ጫማዋን አውልቃ እግሯን ወንበሩ ላይ ትሰቅልና፣ "አንተ ሰውዬ፣ የአገሩን መኪና ሁሉ ትጠግናለህ፤ እኔን ግን ጠብሰህ ልትጨርሰኝ ነው!" ትለዋለች። እሱም "ነገ እሠራዋለሁ" ይላል። ነገ በነገ ሲተካ ሃያ ዓመት አለፈ።

ዘንድሮ እሷ ሆስፒታል ስትተኛ እልህ ያዘው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉሃል ይሄ ነው። ከሞተሩ ወደ መኪናዋ ማሞቂያ የሚሄደው የሙቅ ውሃ መዝጊያ ዝጎ ክፍት እንደሆነ ቀርቷል፤ ለእንዲህ ዓይነቷ አሮጌ ደግሞ መለዋወጫ ከየት ይመጣል? ስለዚህ ከሞተሩ ወደ ውስጥ የሚገቡትን ቱቦዎች ቆርጦ ደፈናቸው፣ ማሞቂያውን ከነአካቴው ነቅሎ ጣለው፣ በእግር በኩል ያለውን ቀዳዳ ሁሉ በወፍራም ላስቲክ ጠረቀመ። ስትወጣ ደስ ይላታል ብሎ ነው።

በሳምንቱ ሐኪሙ "እቤቷ ትሁን፤ እዚህ ከእንግዲህ የምናደርግላት ነገር የለም" አለው። በብርድ ልብስ ጠቅልሎ መኪናዋ ውስጥ አስቀመጣት። ዝናብ ይጥላል። መንገዱን ሲያጋምሱ ብርድ ልብሱን ወደ አንገቷ ሳበች።

"በረደኝ" አለች። "እስቲ ያንን ምድጃህን ልቀቅልኝ።"

ከምንም ጋር ያልተያያዘውን የማሞቂያ ማዞሪያ እስከ መጨረሻው አዞረው።

"አሁን ይሞቃል፣ የኔ እመቤት።"

እሷም አምናው ጫማዋን አወለቀች።